ኤሊምን የማይጽፍ ደብተር

እሑድ ጠዋት ከመድረክ ላይ ሆነን ወደ ጉባኤው ስንመለከት ብዙ ደብተር እናያለን። የስብከቱን ነጥብ የሚጽፍ አለ፤ ጥቅሱን ብቻ የሚመዘግብ አለ፤ ትንቢት ሲነገር ቀኑን ከነሰዓቱ የሚያሰፍርም አለ። የጸሎት ርእስ የሚጽፍበት ሌላ ደብተር በቤቱ ያስቀመጠም ጥቂት አይደለም። እንግዲህ እኛ ወንጌላውያን አማኞች የማንጽፍ ሰዎች አይደለንም። ውሏችንን ግን አንጽፍም። ሰኞ በምን እንዳለፈ፣ ማክሰኞ ከማን ጋር እንደሳቅን፣ ረቡዕ ልባችንን ደስ ያሰኘው ነገር ምን እንደ ነበር በየትኛውም ደብተራችን ላይ አይገኝም። አንድ ወንድም ደብተሩን ገልጦ «ቅዳሜ ከሰዓት ከልጆቼ ጋር ኳስ እጫወታለሁ» ብሎ ቢጽፍና ያንን ሰዓት እንደ ስብሰባ ቀጠሮ ቢያከብረው፣ ከመካከላችን «ወንድማችን ቀዝቅዟል» የሚል አይጠፋም።

የምንሞግተው ይህንን ንግግር ነው። የውሎ ማስታወሻ መጻፍና በዚያ ማስታወሻ እየታገዙ ደስ ለሚያሰኝ ነገር ጊዜ መለየት የመቀዝቀዝ ምልክት አይደለም። እንዲያውም ብዙዎቻችን የቀዘቀዝነው ይህን ባለማድረጋችን ነው እንላለን።

ከቃሉ እንጀምር። ዘኍልቍ ምዕራፍ 33 ብዙ ሰባኪ የማይሰብክበት ምዕራፍ ነው፤ ሲያዩት የቦታ ስም ዝርዝር ይመስላልና። ቁጥር 2 ላይ ግን ሙሴ የእስራኤልን ጉዞ የጻፈው በእግዚአብሔር ትእዛዝ መሆኑ ተነግሯል። ከግብፅ እስከ ሞዓብ ሜዳ ድረስ ከ40 በላይ የሰፈር ስም ተመዝግቧል፤ አብዛኛው መስመር ከወዲያ ተነሥተው በወዲህ ሰፈሩ ከማለት አያልፍም። ባሕሩን በመካከሉ ማለፋቸው እንኳ በአንድ አጭር ሐረግ ታልፏል። ኤሊም ላይ ሲደርስ ግን ጸሐፊው ይዘገያል። በዚያ 12 የውኃ ምንጮችና 70 የዘንባባ ዛፎች እንደ ነበሩ ይጽፋል።

ቆም ብለን እናስበው። ኤሊም ላይ ጦርነት የለም። ሕግ አልተሰጠም፣ ደመና አልወረደም፣ ሙት አልተነሣም። ያለው ውኃና ጥላ ብቻ ነው። ነገር ግን ከዘንባባዎቹ ሥር ተቀምጦ ዛፎቹን አንድ በአንድ የቆጠረ ሰው ነበረ፤ ያም ቁጥር በቅዱሱ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። በዚያው ምዕራፍ ራፊዲም ላይ ሕዝቡ የሚጠጣው ውኃ እንዳልነበረ ተጽፏል፤ አሮን በሖር ተራራ ላይ እንደ ሞተም ተጽፏል። ጥማቱም፣ ለቅሶውም፣ ዕረፍቱም በአንድ መዝገብ ላይ ናቸው። የእኛን ደብተር ብትገልጡት ራፊዲም በየገጹ አለ፤ «ጌታ ሆይ ውኃ የለንም» እያልን የጻፍነው ልመና ሞልቷል። ኤሊም ግን የለም። አልደረስንባትም ማለት አይደለም፤ ደርሰን፣ ውኃውን ጠጥተን፣ ሳንቆጥር አልፈናታል።

ይህ ነገር የቤተ ሰብ ጉዳይ መሆኑን የተማርነው በምክር ክፍል ውስጥ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ባልና ሚስት ለምክር ወደ እኛ መጡ። ባልየው ለረጅም ዓመታት ያገለገለ፣ ስሙ በመልካም የሚነሣ ሰው ነው። እኅታችን በስካር አልከሰሰችውም፤ በሌላ ሴትም አልጠረጠረችውም። «የዓመቱን አጀንዳ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገልጬ አየሁት፤ የሰው ሁሉ ስም አለ፤ የእኔ ግን አንድም ቦታ የለም» አለች። እርሱም በቅንነት፣ ምንም ክፋት ሳይኖርበት፣ «አንቺማ ቤት ነሽ፤ አንቺን ምን ብዬ እጽፋለሁ?» ሲል መለሰላት። እርሷ ዝም አለች። እኛም ልንመክር የተቀመጥነው ዝም አልን። ማታ ቤታችን ገብተን የራሳችንን አጀንዳ ገለጥን። የሽማግሌዎች ስብሰባ፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ኮንፈረንስ፣ አዳር ጸሎት፣ እንደገና የሽማግሌዎች ስብሰባ። ከዚያ ወንድም የምንለየው ጥፋታችንን የነገረን ሰው ባለመኖሩ ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ እኛና አብረውን የሚያገለግሉ ጥቂት ወንድሞችና እኅቶች ለ4 ሳምንት የውሎ ማስታወሻ ለመያዝ ተስማማን። የተለየ ነገር አልገዛንም፤ የተማሪ ደብተር ነበር። ማታ ከመተኛታችን በፊት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ቀኑ በምን እንዳለፈ እንጽፋለን፤ በእውነት ደስ ካሰኘን ነገር አጠገብ ደግሞ ትንሽ ኮከብ እናደርጋለን። ኮከብ ከሌለ የለም፤ ለይምሰል የሚደረግ ኮከብ የለም ተባባልን። የማንበብ ግዴታም አልነበረም፤ በየሳምንቱ ስንገናኝ እያንዳንዱ የፈለገውን ብቻ ይናገራል።

የመጀመሪያው ሳምንት አሳፈረን። ሁላችንም «ጊዜ የለንም» ባዮች ነበርን። ደብተሩ ግን ሌላ ነገር ተናገረ። ታክሲ ጥበቃ የወሰደው ሰዓት ብዙ ነው፤ በዚያ ላይ ማንም ሥልጣን የለውም። ከዚያ ቀጥሎ ብዙውን ሰዓት የበላው ግን ስልክ ነበር። ከመካከላችን አንዱ አገልጋይ አጫጭር ቪዲዮ ሲያይ ያሳለፈው ሰዓት ከጸሎቱም ከልጆቹም በልጦ ተገኘ፤ ይህንንም ራሱ ነው በግልጽ የነገረን። ልብ በሉ፣ በዚያ ሁሉ ሰዓት አጠገብ አንድም ኮከብ አላደረገም። ከዚህ የተረዳነው ነገር አለ፤ ደስታን «ሥጋዊ ነው» ብለን በፊት በር ስናስወጣው በኋላ በር የገባው ቅድስና ሳይሆን የስልክ ፈዝ ነው። ከልጃችን ጋር ገበጣ ለመጫወት ኅሊናችን የሚወቅሰን ሰዎች ሌሊት እስከ 7 ሰዓት ስክሪን ላይ ስናፈጥ ማንም አይወቅሰንም።

ኮከቦቹ የተገኙት ደግሞ ባልጠበቅነው ቦታ ነው። አንዱ ታክሲ አጥቶ በእግሩ ሲሄድ ያገኘውን የድሮ ጓደኛውን ጻፈ። አንዲት እኅት ከጎረቤቷ ጋር የጠጣችውን ሦስተኛውን ቡና ጻፈች። ሌላው የተሰበረ ወንበር ሲጠግን ያሳለፈውን አንድ ሰዓት ጻፈና፣ ልጅ ሳለ ከአባቱ ጋር እንጨት ሥራ ይወድ እንደ ነበር፣ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ መጋዝ ይዞ እንደማያውቅ ነገረን። ይህን ሲናገር ዓይኑ እንባ አቀረረ። መጋዙን ያስጣለው ወንጌል አልነበረም። ማንም «ተው» አላለውም፤ ጊዜ ሳይሰጠው ቀረ እንጂ።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠን ነበር። ባልና ሚስት የሆኑት ሁለቱ ደብተራቸውን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡት የባልየው ኮከብ ያለበት ሰዓት በሚስቱ ደብተር ላይ ምን ሆኖ እንደሚገኝ ታየ። እርሱ ከጓደኞቹ ጋር በተጫወተበት ሰዓት እርሷ ለእነዚያው ጓደኞች ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ስለዚህ ደስ ለሚያሰኝ ነገር ጊዜ እንለይ ስንል አባት ይረፍ፣ እናት ትሥራ ማለታችን አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 እግዚአብሔር ሕዝቡ ከአሥራቱ ነፍሱ የወደደችውን ገዝቶ በፊቱ እንዲበላና ደስ እንዲለው ሲያዝዝ፣ ደስ የሚለው ሰውየው ብቻውን ሳይሆን ከነቤተ ሰቡ ነው። (ቀጥሎ ሌዋዊውም እንዳይረሳ ታዝዟል፤ እኛ መጋቢዎች ይህችን ቁጥር በጣም እንወዳታለን።) ደስታ በሕግ የታዘዘ፣ ገንዘብ የተመደበለት፣ ቦታ የተቆረጠለት ጉዳይ ነበር ማለት ነው። ለደስታ በጀት የሚይዝ አምላክ ለደስታ ሰዓት የምንይዝበትን ደብተር ይጠላዋል?

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ፤ በአካልም በስልክም ስንሰማቸው ከርመናልና።

የመጀመሪያው ኤፌሶን 5፥16ን ይዞ የሚመጣ ነው። ሐዋርያው ዘመኑን እንድንዋጅ አዝዟል፤ ቀኖቹም ክፉዎች ናቸው፤ ታዲያ የጨዋታ ጊዜ ከየት መጣ? ይሉናል። እኛም ይህንን ጥቅስ እንወደዋለን፤ ጥቅሱ የእኛ ነው እንላለን። «መዋጀት» የሚለው የግሪኩ ቃል የገበያ ቃል ነው፤ ከፍሎ መግዛት፣ ገዝቶ ማውጣት ነው። «ዘመን» የተባለውም በሰዓት የሚቆጠረው ደቂቃ ብቻ ሳይሆን የተሰጠ፣ የተመቸ ጊዜ ነው። ገበያ የሚወጣ ሰው ደግሞ ቦርሳው ውስጥ ያለውን ሳይቆጥር አይወጣም። ውሎውን ጽፎ የማያውቅ ሰው ዘመኑን ምን ከፍሎ ይዋጃል? ዘመኑ የት እንደ ተሸጠ እንኳ አያውቅም። ደግሞም ጳውሎስ እዚያ አላቆመም፤ ጥቂት ወረድ ብሎ ስለ ዝማሬና ስለ ምስጋና ይናገራል። ዘመናቸውን የዋጁ ሰዎች እየዘመሩ የሚገኙ ናቸው እንጂ በስብሰባ ብዛት የጠወለጉ አይደሉም።

ሁለተኛው ጠንከር ያለ ነው፤ አንድ ወጣት አገልጋይ ነው ያነሣብን። ማርቆስ 6 ላይ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ጠራቸው፤ ለመብላት እንኳ ጊዜ አልነበራቸውምና። ነገር ግን ሕዝቡ ቀድሟቸው ደረሰ፤ ጌታም አዘነላቸውና ያስተምራቸው ጀመር። «እንግዲህ ዕረፍቱ ተሰርዟል፤ አገልግሎት ይቀድማል ማለት ነው» አለን። መልካም ንባብ ነው፤ ግን አልጨረሰውም። እውነት ነው፣ ፍቅር የታቀደን ዕረፍት ሊያቋርጥ ይችላል። እኛም ደብተራችን ላይ የተጻፈው ሁሉ እንደ ድንጋይ ጽላት ይከበር አንልም፤ ጎረቤት ሲታመም ኳሱ ይቀራል። ዳሩ ግን የተቋረጠው አስቀድሞ የታቀደ ዕረፍት ነው። የእኛ ዕረፍት መቼ ታቅዶ ያውቅና ነው የተቋረጠው? ደግሞም በዚያው ምዕራፍ ሕዝቡ ከበላ በኋላ ጌታ ራሱ ሕዝቡን አሰናበተና ወደ ተራራ ወጣ። ሕዝብን ማሰናበት የሚችል ጌታ አለን። እኛ ግን ጉባኤ መበተን የማንችል አገልጋዮች ሆነናል።

ሦስተኛው «እኛ በመንፈስ ነው የምንመራው፤ በደብተር አይደለም» የሚለው ነው። ይህን የነገረን ወንድም የሚቀጥለው ዓመት ኮንፈረንስ የሚደረግበትን ቀን ከነባነሩ ጨርሷል። በዚህ ላይ የምንጨምረው የለንም።

ከእነዚህ ሌላ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚመጡም አሉ፤ ከእነርሱም ጋር አንስማማም። የስኬት አሰልጣኞች ውድ ውድ የዕቅድ መጽሐፍ ይዘው «ጊዜ ገንዘብ ነው» እያሉ ወደ መድረኮቻችን ወጥተዋል። በእነርሱ ደብተር ላይ ዕረፍት እንኳ የሚጻፈው ነገ የበለጠ ለማምረት ነው። እግዚአብሔር ግን በሰባተኛው ቀን ያረፈው በስምንተኛው ቀን የበለጠ ሊሠራ አይደለም። ሥራውን አይቶ እጅግ መልካም ነው ስላለ ነው። እኛ የምንለው ደብተር ትርፍ የሚሰላበት አይደለም።

እውነቱን ለመናገር ደብተርን ያስፈሩን የገዛ አባቶቻችንም ናቸው። ጆን ዌስሊ ውሎውን በሰዓት በሰዓት እየመዘገበ የኖረ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1748 በኪንግስዉድ በከፈተው ትምህርት ቤት ደግሞ ለልጆች የጨዋታ ቀን እንዳይኖር በሕግ ከለከለ። ዌስሊን እናከብረዋለን፤ በዚህ ግን አንከተለውም። ጆናታን ኤድዋርድስም ከ70 ውሳኔዎቹ አንዱ ቅንጣት ጊዜ እንዳያባክን ነበር። ነገር ግን ይኸው ጥብቅ ሰው የሕይወቱን ታሪክ ሲጽፍ፣ ጌታን ሳያውቅ ያስፈራው የነበረው ነጎድጓድ ካመነ በኋላ ደስ ያሰኘው እንደ ነበር ጽፏል። ደመናውን ለማየት ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ኤድዋርድስ ደስታውን ባይጽፈው ኖሮ እኛ የምናውቀው ውሳኔዎቹን ብቻ ይሆን ነበር። ካልቪንስ ቢሆን፣ ያ ሁሉ ሰው ደረቅ የሚለው ካልቪን፣ እግዚአብሔር ምግብን ለመኖር ያህል ብቻ ሳይሆን ለደስታም እንደ ሰጠ፣ አበቦችንም በቀለምና በመዓዛ ያስዋበው ለጥቅም ብቻ እንዳልሆነ አስተምሯል።

እኛ ራሳችን ደግሞ የምንመሰክረው አለን። በደርግ ዘመን መጨረሻ በቤት ለቤት ኅብረት ያደግን ነን። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምንዘምረው። ነገር ግን በእነዚያ ጠባብ ቤቶች ውስጥ ቡናው፣ ጨዋታው፣ ሳቁና ጸሎቱ አልተለያዩም ነበር፤ ቆሎ እየቆረጠምን ነበር ቃሉን የምናጠናው። ነፃነት ከመጣ በኋላ አዳራሽ ሠራን፤ ለሁሉም ነገር ፕሮግራም አወጣን፤ ማክሰኞ ጸሎት፣ ረቡዕ ጥናት፣ ሐሙስ ልምምድ፣ ዓርብ አዳር፣ ቅዳሜ ኅብረት። ሳቁን ግን በየትኛው ቀን እንዳስገባነው እንጃ። ይህን የምንለው ስደቱን ናፍቀን አይደለም። ነገር ግን ልጆቻችን ቤተ ክርስቲያንን የሚያውቋት አባታቸውን የምትወስድ ቦታ አድርገው ከሆነ፣ ነገ ለምን ጥለዋት ሄዱ ብለን ጾም ጸሎት ማወጅ አይገባንም።

ጌታን ገና ሳታውቁ ይህን የምታነቡ ወዳጆች ካላችሁ፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁን ያራቀን ይህ ጉዳይ እንደ ሆነ እናውቃለን። ጴንጤ ከሆንኩ መሣቅ፣ መጫወት፣ ተራራ መውጣት፣ ክራር መምታት ቀረ ብላችሁ ትፈራላችሁ። ይህን ያስተማራችሁ መጽሐፍ ቅዱስ ሳይሆን የእኛ ፊት ነው። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 6 ላይ እግዚአብሔር ሁሉን አትረፍርፎ የሚሰጠን ደስ እንዲለን ነው ብሏል። ነቢዩ ዘካርያስም የታደሰችውን ኢየሩሳሌም ሲያይ፣ አደባባይዋ በሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ተሞልቶ አየ።

እንዴት እንጻፍ ለምትሉን፣ ማታ ጻፉ። በዘፍጥረት ቀኑ የሚጀምረው ከማታ ነው፤ ሰው መጀመሪያ ይተኛል፣ ኋላ ይሠራል። ውሎአችሁን በሐቅ ጻፉ፤ አታሳምሩት። ኮከብ ያለበትን በምስጋና ለጌታ ንገሩት፤ ኮከብ አልባ ሳምንት ካለፈ ደግሞ ያንንም ንገሩት። ቅዳሜ ወይም እሑድ ማታ የሳምንቱን ገጽ ገልጣችሁ ኮከቦቹን ፈልጉ፤ የሚቀጥለውን ሳምንት ገጽ ስትከፍቱ ከእነዚያ አንዱን ከሁሉ በፊት አስገቡ። «ጊዜ ካገኘሁ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ቀንና ሰዓት ጻፉ፤ ከማን ጋር እንደሆነም ጻፉ። የባለቤታችሁን ስም ጻፉ፤ ቤት ናት አትበሉ። ሰዓቱ ትንሽ ቢሆን አትፈሩ። በቀን ሥራ የሚያድር ወንድም፣ ሕፃን ያዘለች እናት ሙሉ ከሰዓት አያገኙም፤ ግማሽ ሰዓት ግን በስሙ ከተጻፈ ግማሽ ሰዓት ነው። ገጹን ፎቶ አንሥታችሁ ለሰው አታሳዩ፤ ጌታ በማቴዎስ 6 ስለ ጸሎት የተናገረው ለዚህም ይሠራል።

ያ መጋዙን የጣለው ወንድም አሁን በየሳምንቱ ሐሙስ ከ11 ሰዓት በኋላ እንጨት ይሠራል፤ ለሰንበት ትምህርት ክፍል የሠራቸው ትንንሽ ወንበሮች እግራቸው እኩል አይደለም፤ ልጆቹ ግን እየወዘወዙ ይጫወቱባቸዋል። በምክር ክፍል ያለቀሰችው እኅታችንም ስሟ አጀንዳው ላይ ገብቷል። አንድ ጊዜ በተሳሳተ ቀን ገብቶ ሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ባልየውን ስንጠብቀው ቀረ፤ ደውለን ስንጠይቀው ከእርሷ ጋር እንጦጦ ላይ ነበር። ስብሰባውን ያለ እርሱ ጨረስነው።

የእኛ የራሳችን ገጽ ደግሞ የፊታችን ቅዳሜ ከ9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተይዟል። ከትንሿ ልጃችን ጋር ገበጣ ነው። በዚያው ሰዓት የዝግጅት ኮሚቴ ስብሰባ የጠራችሁ ወንድሞች ይህን ካነበባችሁ፣ ሌላ ሰዓት ፈልጉልን።